አመድ የእሳት ጋቢ ነው



በዚህ የሲያትል ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ አመድ ልትሰሙ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የዛሬውን ርእስ ስነግራት «ሰው ስለ ሀገር፣ ስለ ታሪክ ዲስኩር ያደርጋል፤ አንተ ስለ ቫኪዩም?» ብላ ስቃብኛለች። እኔም ስቄያለሁ። ይሁንና ከመካከላችሁ የፔሌት ምድጃ ያለው ሰው ጥቂት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለፈው ብርድ «ምድጃዬ አልነሳ አለኝ» እያላችሁ ስትደውሉልኝ ከርማችኋልና። ሙያዬ ምድጃ መጠገን አይደለም። ነገሩን መማር የጀመርኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴን ላቃጥል ጥቂት ከቀረኝ በኋላ ነው።

ቤቱን በገዛን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ምድጃው ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ማታ አጠፋሁት፤ ጠዋት ስከፍተው አመዱ ግራጫ፣ ጸጥ ያለ፣ የሞተ ይመስላል። እጄን አስጠጋሁ፤ አልሞቀኝም። የምንጣፉን ቫኪዩም አምጥቼ ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት፤ ማሽኑንም ቁም ሳጥን ውስጥ መልሼ ቡናዬን ልጠጣ ተቀመጥሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተኝ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ጭሱ ፊቴን መታኝ። ቫኪዩሙን እየጎተትሁ ወደ ግቢ ሮጥሁ። ዝናቡ ላይ ከፍቼ ሳየው የወረቀት ከረጢቱ መሃሉ ላይ የሳንቲም ያህል ተበስቷል፤ የቀዳዳው ጠርዝ እየቀላ፣ ቀስ እያለ ይሰፋል። ከጎኑ የልጄ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር።

በዚያው ቀን ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልሁላት። «እማዬ፣ የጠፋ አመድ ቤቴን ሊያቃጥልብኝ ነበር» አልኋት።

«ጠፋ ያለህ ማነው?» አለችኝ። «አመድ እኮ የእሳት ጋቢ ነው። ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍኜ ስተኛ፣ ጠዋት ገልጬ እፍ ስለው፣ ጭራሮ የምታቀብለኝ አንተ አልነበርህም እንዴ?»

እኔ ነበርሁ። የማውቀውን ነገር አሜሪካ ስመጣ ረሳሁት። ክብሪት በሚቆጠብበት ቤት እሳትን የሚያሳድረው አመድ ነው፤ ፍሙን ከአየር ይጋርደዋል፣ ሙቀቱን ይይዝለታል፣ ቀስ ብሎ እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል። በቫኪዩም ስንስበውስ ምን አደረግን? ጋቢውን ገፈን በነፋስ አራገብነው፤ ከዚያም ወረቀት ላይ አሳረፍነው። እናቴ በትንፋሿ እፍ የምትለውን እኔ በሞተር አልሁት።

ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ሁሉ በሁለት ነገር ይጠቃለላል። ቫኪዩሙን ያልሞተ እሳት አታስውጡት። ያልፋቃችሁትንም ይውጥልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የማሽኑ ምርጫም፣ የመሣሪያው ምርጫም፣ የሥራው ቅደም ተከተልም ከእነዚህ ሁለቱ ይወጣል።

መጀመሪያ ምድጃውን እንወቀው። ይህ ዕቃ የዚሁ የዋሽንግተን ግዛት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ሲያናውጥ፣ አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር የ1966ቱን የታክሲ ነጂዎች አድማ እንዳስከተለ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ደግሞ ሰው ቤቱን በርካሽ የሚያሞቅበትን ዘዴ እንዲፈልግ አደረገው። የእንጨት መሰንጠቂያዎች የሚጥሉት ሰጋቱራ በየቦታው ተቆልሏል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ጄሪ ዊትፊልድ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ ከሰጋቱራ ተጨምቆ የተሠራን ፍሬ እየለካ የሚመገብ የቤት ምድጃ ሠርቶ ለገበያ አበቃ። ፔሌት የምንለው ያ ፍሬ ውፍረቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔሌቱ ከላይ ጎተራው ውስጥ ይጠራቀማል። ኦገር የሚባለው ጠመዝማዛ ብረት ጥቂት በጥቂት እየገፋ በርን ፖት ወደሚባለው ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ይጥለዋል። አንዱ ፋን ጭሱን ወደ ውጭ ሲስብ፣ አዲስ አየር በበርን ፖቱ ቀዳዳዎች በኩል ገብቶ እሳቱን ያራግባል። ሌላው ፋን የክፍሉን አየር በጋሉት ቱቦዎች በኩል አሳልፎ ሞቅ አድርጎ ይመልስልናል። ልብ በሉ፤ የእንጨት ምድጃ በራሱ ጊዜ ይተነፍሳል፤ የፔሌት ምድጃ ግን የሚተነፍሰው በፋን ነው። ስለዚህ የአየሩ መንገድ በአመድ ሲጠብብ ይታፈናል። ነበልባሉ ይሰንፋል፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ይጠቁራል፣ መስተዋቱ ጥቀርሻ ይለብሳል። በመጨረሻም የአየር ግፊቱን የሚጠብቀው ማብሪያ «ይብቃ» ብሎ ኦገሩን ያቆመዋል። ያኔ ነው «ምድጃዬ ተበላሸ» ብላችሁ የምትደውሉት። ማቀጣጠያው ተቀየረ፣ ማብሪያው ተቀየረ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ምድጃው ግን ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም! ወጡን ያበላሸው አመዱ ነው።

የአመዱስ መጠን ስንት ይሆናል? እዚህ አገር ፔሌት የሚሸጠው 40 ፓውንድ በሚመዝን ከረጢት ነው፤ 50 ከረጢት አንድ ቶን ይባላል። በአሜሪካ የፔሌት አምራቾች ማኅበር መለኪያ «ፕሪሚየም» የሚባለው አመዱ ከመቶ አንድ እጅ የማይበልጥ ነው፤ «ስታንዳርድ» የሚባለው እስከ ሁለት እጅ ይደርሳል። አንድ ቶን ፕሪሚየም ስታነዱ ቢበዛ 9 ኪሎ ያህል አመድ ይተርፋል ማለት ነው። ስታንዳርድ ከሆነ እጥፉ። ሁለት ሦስት ቶን ለሚያነድ ቤት ይህ ቀላል ጭነት አይደለም። የቅርፊትና የአሸዋ ብናኝ የበዛበት ፔሌት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አመዱ በሙቀቱ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በርን ፖቱ ላይ እንደ ጠጠር ይጋገራል፤ የአየር ቀዳዳዎቹንም ይደፍናል። ስለዚህ የጽዳቱ የመጀመሪያ መሣሪያ ጥሩ ፔሌት ነው ብል ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ቫኪዩሙ። «አመድ በዱቄት ይሥቃል» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። በቫኪዩም ጉዳይ ግን አመዱ ቢሥቅ እውነቱን ነው፤ ዱቄት የሚያስቀረውን ማጣሪያ እሱ ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ለምንጣፍ የተሠራ ማሽን በፊት የሳበውን በኋላ ይተፋዋል። ሲያልፍም ሞተሩን እንደ አሸዋ ወረቀት እየፋቀ ነው የሚያልፈው። ሳሎኑ የጸዳ ይመስላል፤ ማታ መብራት ስታበሩ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ሳንባችሁም ውስጥ አለ።

ታዲያ ምን እንግዛ? ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ነው። እስቲ አብረን እናስላው። የቤታችን ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ ብሬከሩ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር ነው። ሲባዛ 1800 ዋት ይሆናል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ከዚያ ሶኬት ሊወጣ የሚችለው እንግዲህ ቢበዛ 2.4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ካርቶኑ ላይ 5 እና 6 የሚለው ሞተሩ ለቅጽበት በሙከራ ያሳየው ጣሪያ እንጂ ቤታችሁ የሚሠራበት አይደለም። ደግሞም ማጣሪያው ከተደፈነ ጉልበታሙም ደካማውም እኩል ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ጉልበቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «አመዱ ገብቶ የት ያርፋል?» ይሁን።

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ስትሄዱ የምታዩት አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዳው ብረት መሆኑን። ሁለተኛ፣ ጎማው፣ ማለትም የሚስበው ቱቦ፣ ብረት ወይም እሳት የማይበላው መሆኑን፤ ፍም የሚያልፈው በመጀመሪያ በእሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ማጣሪያው ድርብ መሆኑን፤ አንዱ ወፍራሙን ይይዛል፣ ሌላው ረቂቁን። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ እንኳ ከመቶ 99.97 እጅ ያስቀራል፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን እንደሚጠጋ ካሰባችሁ ልኩ ይገባችኋል። አራተኛ፣ ክዳኑን ሳትከፍቱ ማጣሪያውን የምታራግፉበት እጀታ እንዳለው። ይህ አራተኛው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን አመድ ቶሎ ቶሎ ማጣሪያ ይደፍናል፤ በየጊዜው ክዳን የሚያስከፍታችሁ ከሆነ የጠረጋችሁትን መልሳችሁ ቤቱ ውስጥ በተናችሁት ማለት ነው።

በዚህ መልክ የተሠራው ማሽን «የአመድ ቫኪዩም» ተብሎ ይሸጣል። ስሙ ግን አያታላችሁ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለቀዘቀዘ አመድ ነው፤ ብረቱ የተሰጣችሁ ስሕተት ብትሠሩ እንዲያድናችሁ እንጂ ስሕተቱን እንድትሠሩ አይደለም። መመሪያው ላይ ስለ ሙቀት የተጻፈውን አንብቡ።

ጋራዥ ውስጥ ትልቅ ቫኪዩም ያላችሁ «እሱ አይሆንም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሆናል፤ በሁለት ሁኔታ። ለጂፕሰም ግድግዳ ብናኝ የሚሸጠውን ልዩ ከረጢት ከውስጥ፣ ሄፓውን ከላይ አድርጉለት። ከረጢቱ አመዱን ቀድሞ ስለሚቀበል ሄፓው ቶሎ አይደፈንም፤ ሲሞላም አቧራ ሳይበተን ጠቅልሎ መጣል ነው። ሁለተኛው ሁኔታ የማይታለፍ ነው፤ አመዱ ፈጽሞ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ያ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ምን እንደሚሆን ከእኔ ቁም ሳጥን ተምራችኋል። ምድጃውን በየቀኑ ለሚያነድ ሰው የአመዱን ቫኪዩም እመክራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚያነድ የጋራዡ ይበቃዋል። የፕላስቲክ ጎማ ከሆነ ደግሞ ደረቅ ብናኝ ሲያልፍበት ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣውን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ እጃችሁን ቢቆነጥጣችሁ አትደንግጡ፣ ግን ይህን ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) የማይፈጥር ጎማ ቢገኝ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ፍቅፈቃው። ቫኪዩም የሚወስደው የተለቀቀ አመድ ነው። ቱቦው ላይ የተለጠፈውን፣ በርን ፖቱ ላይ የተጋገረውን አይነቅለውም። ሰው ግን በመቶ የሚቆጠር ዶላር ለማሽን ከፍሎ ለአምስት ዶላር ብሩሽ ይሰስታል። እነሆ የእኔ ቅርጫት፤ ከፊታችሁ አስቀምጬዋለሁ። ጠንካራ የብረት መፋቂያ አለ፤ የቀለም ብሩሽ አለ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ፤ የጠርሙስ ማጠቢያ የመሰለ ረጅም ቀጭን ብሩሽ አለ፤ የጎማ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስተዋት፣ የወፍራም ቆዳ ጓንት፣ ኤን 95 ማስክና የዓይን መከለያ መነጽር አለ። ይቺ ደግሞ የምወዳት ናት፤ ቫኪዩሙ አፍ ላይ የምትገጠም፣ እንደ ጣት የቀጠነች ተጣጣፊ ቱቦ። ከውድ ማሽን የሚበልጥ ሥራ የምትሠራ እሷ ናት፤ አመዱ የሚሸሸግበት ጠባብ ቦታ ሁሉ የምትገባው እሷ ብቻ ናትና።

ሥራውን አብረን እንሥራው። ምድጃውን አጥፉ፤ ፋኖቹ ራሳቸው እስኪቆሙ ጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። ነቅላችሁ አድሩ። ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት አመዱን በብረት ጫር ጫር አድርጉ፤ ቀይ ነጥብ ብታዩ፣ ሙቀት ቢሰማችሁ፣ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡት እንጂ ቫኪዩም አታስነሱ።

ከቀዘቀዘ በርን ፖቱን አውጡና በመፋቂያው ፈቅፍቁት። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን ማሳየት አለበት። አንዱ ቢጨልም በምስማር ክፈቱት። ቀጥሎ መስተዋቱንና ግድግዳዎቹን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ፤ ከታች የጀመረ ሁለቴ ይሠራል። የሙቀት ቱቦዎቹን የሚፍቅ ዘንግ ያለው ምድጃ ከሆነ ሳቡት፣ ግፉት፤ ከሌለው ብሩሹን ተጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚስተው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከእሳቱ በስተጀርባ ያለው ጡብ የሚመስል ግድግዳ በብዙ ምድጃዎች ላይ ተነቃይ ነው። ከኋላው ጭሱ ወደ ፋኑ የሚወርድበት መተላለፊያ አለ፤ ለዓመታት ያልተነካ አመድ የሚተኛው እዚያ ነው። ግድግዳው ብረት ከሆነ በጎማ መዶሻው ቀስ አድርጋችሁ ጎን ጎኑን ምቱት። ጆሯችሁን ብትሰጡ ከውስጥ እንደ ጤፍ ሲንሿሿ ትሰማላችሁ። ሴራሚክ ወይም ቦርድ ከሆነ ግን እንዳትመቱት፤ ይሰበራል። ያን ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ የወረደውን ሳቡ፤ እንደገና ምቱ፣ እንደገና ሳቡ፤ ድምፁ ሲያቆም ጨረሳችሁ።

ቀጥሎ ጭስ የሚስበው ፋን ነው። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ስታወጡት ክንፎቹን በለስላሳው ብሩሽ አጽዱ፤ ስትመልሱት አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉለት፤ አሮጌው ከተነቀለ አይታተምም። የጭስ ማውጫው ቱቦ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኢንች ነው፤ ብሩሹም በልኩ ይገዛል። ቱቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከታች ክዳን አለው፤ አመዱ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ መጀመሪያ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ ክፈቱት። አንዳንዱ ሰው ቅጠል የሚሰበስበውን ማሽን በመሳቢያው በኩል ከውጭ ጫፍ ላይ ገጥሞ አመዱን በአንድ ጊዜ ይመጠዋል። ይሠራል፤ ግን ምድጃው ፍጹም የቀዘቀዘና የተነቀለ መሆን አለበት፤ ነፋሱ ወደ ጎረቤት ልብስ ማስጫ እንዳይሆንም አስቀድማችሁ እዩ፤ አለዚያ ለማስታረቅ ሽማግሌ መላክ ይመጣል።

በመጨረሻ በሩን ዝጉ፤ ግን አንዲት ወረቀት መሃል አስገብታችሁ። ሳቧት። በቀላሉ ከወጣች የበሩ ጓርኒሲዮን አርጅቷል፤ ምድጃው በጎን አየር እየሰረቀ ነው።

ይህ ሁሉ መቼ ይደረግ? በርን ፖቱን በየቀኑ፣ ቢዘገይ ሁለት ሦስት ከረጢት በተቃጠለ ቁጥር። ቫኪዩሙን በሳምንት አንዴ። የጭስ ማውጫውንና የኋላውን መተላለፊያ ቶን ባለቀ ቁጥር፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ። ዓመታዊውን ጽዳት ደግሞ ብርዱ ሲመጣ ሳይሆን ብርዱ ሲወጣ አድርጉት። እርጥበት የሳበ አመድ ያረፈበትን ብረት ያዝገዋል። በሚያዝያ ያልተጠረገ ምድጃ በመስከረም ዝጎ ይጠብቃችኋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። አገር ቤት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት ሳይነሳ መቅረቱን ያልሰማ የለም። ያ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። የታፈነ የፔሌት ምድጃም ያወጣዋል። ምድጃው ባለበት ፎቅና በመኝታ ቤቶቹ አጠገብ ጠቋሚ መሣሪያ ስቀሉ፤ ባትሪውንም ፈትሹ። ጭስ ወደ ቤት መግባት ከጀመረ ጽዳት ሳይሆን ባለሙያ መጥራት ነው።

የወጣው አመድ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የብረት ባልዲ ይቀመጥ፤ ባልዲው ከእንጨት በረንዳ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ። በውስጡ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የቫኪዩሙንም ገንዳ እንደዚያው፤ ሥራ ሲያልቅ ወደ ባልዲው ገልብጡት እንጂ ሞልቶ ቁም ሳጥን ውስጥ አይደር። ከበረደ በኋላ ጥቂቱን ለጓሮ አትክልት መበተን ይቻላል፤ የአፈሩን አሲድነት ስለሚቀንስ በልኩ ይሁን።

የአመዱን ቫኪዩም የገዛሁ ዕለት እናቴን መልሼ ደወልሁላት።

«ስንት ፈጀብህ?» አለች። ነገርኋት። ዝም አለች፤ ዋጋውን በብር እያባዛች መሆኗን አውቃለሁ።

«ለአመድ?»

«ለአመድ፣ እማዬ።»

ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቅኋት። «ይሁን እንግዲህ» አለች፤ «ብቻ ከማስነሣትህ በፊት ጫር አድርገህ እየው።»